ሃይቲ ስትነሣ የሚረሳው ሂሳብ



ስለ ሃይቲ የሚወራው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድህነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የታጠቀ ወሮበላ። ሰሚውም «ሕዝቡ ራሱን ማስተዳደር አቅቶት ነው» ብሎ ይደመድማል። እኛ እድርተኞች ግን ደኸየ የተባለ ሰው ምን ሲከፍል እንደ ኖረ መዝገብ ሳናይ አንፈርድም።

መዝገቡ ይኸው፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። የሃይቲ ባሮች በ1791 በፈረንሳይ ጌቶቻቸው ላይ ተነሡ። የናፖሊዮንንም ጦር ድል አድርገው በ1804 ነጻነታቸውን አወጁ። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጠየቀች። ካሣው ለተገረፈው መስሏችሁ እንደሆነ፣ የለም፤ ባሪያና መሬት ቀረብኝ ላለው ጌታ ነው! በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ እሱን ለመክፈል የተጀመረው የብድር ጣጣ እስከ 1947 ድረስ አገሪቱን ሲያደማ ኖረ። በመካከሉም ከ1915 እስከ 1934 የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ይዞ፣ ጉምሩኳና ገንዘቧ በአሜሪካኖች እጅ ገባ።

ይህን ስንል ግን የአገሩን ገዥዎች ከደሙ ንጹሕ ማድረጋችን አይደለም። ዱቫሊየር፣ አባትና ልጅ፣ ከ1957 እስከ 1986 ሕዝቡን አስጨንቀው ገዝተዋል። ዳሩ ግን ገዥና ሕዝብ ለየቅል ነው። ገበሬው እንደኛ ደቦ «ኮንቢት» በሚለው ልማድ ተጠራርቶ የጎረቤቱን መሬት ሲያርስ ኖሯል።

እኛም የሃይቲ ውለታ አለብን። ጣሊያን በ1935 ሲወረን፣ የሃይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ኢትዮጵያ ተሟግቷል። እንግዲህ ስሟ ሲነሣ ከንፈር ከመምጠጣችን በፊት፣ ማን ለማን እንደ ከፈለ ለልጆቻችን እንንገር።