ጣርማበርን ያላየ መጠባበቂያ፦ አርኤፍሲ 4090 እና የይፋት ቁልቁለት

የትራፊክ ኢንጂነሪንግ ቶነሎችን ጥበቃ የሚያነሳ ጽሑፍ ሁሉ የሚጀምረው ፒንግ ፓን፣ ጆርጅ ስዋሎውና አሊያ አትላስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ካወጡት ከአርኤፍሲ 4090 ነው። ቶነሎቹ እንዴት እንደሚዘረጉ የሚደነግገው የ2001ዱ አርኤፍሲ 3209 አያከራክረንም። የ4090 አዘጋጆች ሁለት ዘዴ ሰጥተውናል፤ ለየቶነሉ የራሱን ማለፊያ ማበጀት፣ ወይም ብዙ ቶነሎችን በአንድ የጋራ ማለፊያ ማሻገር። በሁለተኛው ዘዴ ብልሽቱ አጠገብ ያለው ራውተር በፓኬቱ ላይ ሌላ ሌብል ደርቦ ይሰደዋል፤ ይህም በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ያልቃል። ስለ ፍጥነቱ ጸብ የለኝም።

ጸቤ ብልሽት ተብሎ ከተቆጠረው ነገር ጋር ነው። ሰነዱ የሚጠብቀን ከሊንክ ወይም ከራውተር መውደቅ ነው። ለራውተር ሊንክ ማለት አንድ ኢንተርፌስና አንድ አድራሻ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ሊንክ ማለት መንገድ ዳር የተቆፈረ ቦይ ነው። ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርስ ኔትወርክ እናስብ፤ ሁለት ፋይበር አለው። መሐንዲሱ በደንቡ ይሠራል፦ በቶነሉ መነሻ ላይ የ4090ን ጥበቃ፣ ፋስት ሪራውትን፣ ይከፍታል፣ የሚጠበቀውን ሊንክ አድራሻ የሚያስወግድ ግልጽ መንገድ ይጽፋል፣ የመጠባበቂያውን ቶነል ከኢንተርፌሱ ጋር ያስራል። ራውተሩም ጥበቃው ዝግጁ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱ ፋይበሮች ግን የጣርማበርን ቁልቁለት በአንድ ቦይ ወርደው የሮቢን ወንዝ በአንድ ድልድይ ከተሻገሩ፣ አንድ ኤክስካቫተር ወይም አንድ የክረምት ጎርፍ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ዝግጁ የተባለው መጠባበቂያ ከሚጠብቀው ጋር አብሮ ይሞታል።

መድኃኒቱ በዚያው ዓመት፣ ከአምስት ወር በኋላ ተጽፏል። ኮምፔላና ሬክተር ያዘጋጁት አርኤፍሲ 4202 አንድ ሀብት የሚጋሩ ሊንኮችን «የጋራ አደጋ ቡድን» አድርጎ ባለ 32 ቢት ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በአንድ ቱቦ ውስጥ ያለፉ ፋይበሮች ዓይነተኛ ምሳሌው ናቸው። ማስተማሪያዎች ግን ይህን እንደ አባሪ ያልፉታል። እኔ ከ4090 አስቀድሜ አነበዋለሁ፤ ምክንያቱም ቁጥሩን የትኛውም ፕሮቶኮል ፈልጎ አያገኘውም። ቦዩንና ድልድዩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስገባው።

ቡድኑን የማይጋራ ማለፊያ ከየት ይምጣ ለሚል፣ ይህ ቁልቁለት ላለበት ለይፋት ሌላም የተዘነጋ ምንጭ አለ፤ በራውተር ጽሑፍ ውስጥ የሲራራ መንገደኛ መጥራቴ ቢያስቅም ግድ የለኝም። እንግሊዛዊው ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ተነሥቶ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ነው አንኮበር የወጣው፤ ጣርማበርን ሳይነካ። ደጋው አገር ወደ ቆላው የሚወርድበት በር አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። ዛሬ ከሁሉ የሚርቀው ማለፊያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው ነው።

ይዘገያል ይባላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በኪሎ ሜትር 5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ መንገዱ በ600 ኪሎ ሜትር ቢረዝም የሚጨምረው 3 ሚሊሰከንድ ነው። የመዘግየቱ ክርክር እዚህ ያበቃል። አቅሙ አይበቃም ለሚሉም፣ ከምንም ግማሹ ይሻላል። ሰግመንት ራውቲንግ ይህን ሁሉ ራሱ ያሰላዋል ብለው ተስፋ የሚያደርጉም አሉ፤ ያልተሰጠውን ቁጥር ግን አያሰላም።

የሚከብደው ተቃውሞ አንድ ነው። ማለፊያን ራሳቸው የሚሠሩ ራውተሮች ቡድኑን ሁለት ዓይነት ያስተናግዳሉ፤ በጥብቁ ሥርዓት የጋራ አደጋ ያለበትን መንገድ ፈጽሞ አይቀበሉም፣ በልሉ ግን ሌላ ከጠፋ ይቀበሉታል። ብዙዎች «ምንም ከማጣት» ብለው ልሉን ይመርጣሉ። ለሌላ አገር ኔትወርክ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በይፋት ግን ጥብቁ ይሻላል፤ ጥበቃ እንደሌለው የተነገረው መሐንዲስ ሌላ መስመር ይጠይቃል፣ ዝግጁ ነው የተባለው ይተኛል።

የባቲ መስመርም ቢሆን ለሁልጊዜ የተለየ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢትም ባቲም በአንድ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ በካርታ የተራራቁት ሁለት መንገዶች በዚያ ወር አንድ ቡድን ነበሩ። 4202 አንድ ሊንክ በርካታ ቁጥሮች እንዲይዝ ይፈቅዳል። በጣርማበር ለሚወርደው ሊንክ አንዱን ለቦዩ፣ አንዱን ለሮቢ ድልድይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከባቲው ሊንክ ጋር ለሚጋራው የጦር ስጋት እሰጠዋለሁ።