ኦነሲሞስ ነሲብና የነቀምት ካህናት

የኦነሲሞስ ነሲብና የነቀምት ካህናት ጠብ በወለጋ የክርስትና ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ጠቡ ለከፍተኛው ፍርድ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ አደጉ። በ1872 ሲጠመቁ የወጣላቸው ስም፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚያማልድለት ባሪያ ስም ነው። ጳውሎስ የባሪያውና የጌታው መለያየት ለበጎ ሳይሆን እንዳልቀረ ይጠቁማል፤ ነገር ግን እርግጠኛ ሆኖ አልተናገረም። ይህ ጥንቃቄ የኦነሲሞስን ሕይወት ለሚተርክ ሁሉ ያስፈልገዋል፤ ልጅ ሰርቆ የሸጠ ሰው ወንጀል በኋላ በተገኘው ፍሬ አይታጠብምና።

ወደ ኦሮሞ አገር ለመመለስ ያደረጉት ሙከራ ሁለት ጊዜ ከሸፈ። በመጀመሪያው በሱዳን በኩል ሲጓዙ መንገዱ አልሆነላቸውም፤ በ1882 ካርቱም ሲመለሱም የማህዲ አመፅ ተነስቶ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ቢደርሱም ከዚያ ወዲያ ማለፊያ ስላላገኙ ምጽዋ አጠገብ ወዳለው ምኩሉ ተመለሱ። ትልቁ ሥራቸው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ የተሠራው በዚህ የግዳጅ ቆይታ ነው። የአፋን ኦሮሞው አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በልጅነታቸው ስለራቁ አስቴር ገኖ ትልቅ ድጋፍ ሆነችላቸው። እርሷም ከባርነት የወጣች ነበረች፤ 500 የሚያህሉ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አውጥታለች፤ ከፊሎቹም በ1894 በማንበቢያ መጽሐፍ ታትመዋል። መንገዱ ቶሎ ቢከፈት ኖሮ ይህ ሁሉ ይዘገይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1904 ነቀምት ሲገቡ ገዥው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ስብከታቸው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ቋንቋውን የማይሰሙት የአካባቢው ካህናት ደግሞ የሚባለውን ሁሉ በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ሰው የማይሰማውን ንግግር በክፉ መጠርጠሩ አዲስ ነገር አይደለም። ካህናቱ እመቤታችንን ተሳድበዋል ብለው ከሰሷቸው፤ ግንቦት 1906 ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበና አቡኑ ኦነሲሞስ እንዲሰደዱ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ መስበክን ግን ከለከሉ።

ጠቡ የማይቀር ነበር ማለት ያስቸግራል። እዚያው ወለጋ፣ ቦጂ ላይ፣ በ1898 የደረሱት ኤርትራዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሳይለዩ ቃሉን በሕዝቡ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። በ1905 በእሳት ቃጠሎ በመሞታቸው ግን ያ መንገድ ብዙ ሳይራመድ ቀረ። በነቀምቱ ጠብ ጥፋቱን በሙሉ በአንድ ወገን መጫን ታሪኩን ያጎድላል።

ኦነሲሞስ ለአሥር ዓመት ያህል፣ የመባረር ሥጋት ሳይለያቸው፣ በትምህርት ቤት ብቻ ተወሰኑ። አማኞች ይህን የእግዚአብሔር ዓላማ አድርገው ማየታቸው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ታሪክ የሚመሰክረው ስብከት ሲዘጋ ማስተማሩ አለመዘጋቱን ነው። በ1916 የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ኦነሲሞስ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱ። ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦነሲሞስም ሰኔ 1931 እስኪያርፉ ድረስ በነቀምት አገልግለዋል።