ኮልፌ ላይ የሠለጠኑት ጠበቃ

ውትድርና የሚማር ሰው፣ ትምህርቱ መጀመሪያ የሚፈትነው የራሱን ገላ ነው። ኮልፌ ለዚህ ትልቅ ምስክር አላት፦ ኔልሰን ማንዴላ።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማንዴላ ኮልፌ ወደሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ገቡ። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ጠበቃ ነበሩ፤ የመጡትም ገና የተመሠረተውን የድርጅታቸውን የትጥቅ ክንፍ ለመምራት የሚያበቃ ትምህርት ፍለጋ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ልምምድ፣ ከምሳ በኋላ እንደገና ልምምድ። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ይዘው በተወሰነ ሰዓት ረጅም መንገድ መጨረስም ነበረባቸው። የአካባቢውን ውበት ያስተዋሉት፣ የሚገርመው፣ በዚያ አድካሚ ጉዞ ላይ ነው።

ማታ ማታ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ያስተምሯቸው ነበር፦ አዛዥ በሥራ ላይ ጥብቅ ይሁን፣ ከዚያ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል ይሁን። ከተኩሱም ከፈንጂውም ይበልጥ የጠቀማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለ6 ወር የታቀደው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ፤ ድርጅታቸው ጠራቸው። ኮሎኔሉ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ማንዴላ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተይዘው 27 ዓመት ታሰሩ። ጄኔራልነት የደረሱትን ታደሰ ብሩን ደግሞ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ረሸናቸው።