ትእዛዝና ምክንያት
(ስለ ሹራብ ንድፍ አጭር የታሪክ ሐተታ)

ስለ ሹራብ ልንጽፍ ነው ስንል አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ታሪክ አልቆባችሁ ነው ወይ?» አሉን። መቼም ታሪክ ሲባል ዓይናችን ዙፋንና ጦር ሜዳ ላይ ማረፍ ለምዷል። ነገር ግን «አሳቢው ማን ነው? ፈጻሚውስ?» የሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም የሚነሣው፤ በሁለት መርፌና በአንድ ጥቅል ክር መካከልም ይነሣል።

በአውሮፓ ሹራብ ሠሪው ለብዙ ዘመን ወረቀት አያውቅም ነበር። ልጅ ከእናቱ፣ ተለማማጅ ከጌታው እያየ ይማራል፤ ንድፉ የሚኖረው በጣትና በጭንቅላት ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ ቀድመው ከታተሙት መካከል አንዱ የካልሲ አሠራር መመሪያ ለንደን ላይ የወጣው በ1655 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1840 ደግሞ ኤዲንብራ ውስጥ የሱፍ ክር ትነግድ የነበረችው ጄን ጎጌይን የሥራውን ዓይነት በፊደል እያሳጠረች መጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ ወዲያ የንድፍ መጽሐፍ በዛ፤ የክር ፋብሪካዎችም ክራቸው እንዲሸጥላቸው ንድፍ ያትሙ ጀመር።

ወረቀቱ በጎ ነገር አልሠራም አንልም። አስተማሪ ያላገኘች ሴት ከወረቀቱ መማር ቻለች። ይሁን እንጂ ቋንቋው ቀስ በቀስ የትእዛዝ ቋንቋ ሆነ። «ይህን ያህል ቀለበት መርፌው ላይ ጀምሪ፤ ይህን ያህል መስመር ሥሪ፤ እዚህ ላይ ቀንሺ» ይላል። ለምን እንደሚቀነስ ግን አይናገርም። ታዲያ ክሩ ወፈር ካለ ወይም ለባሹ መጽሐፉ ካሰበው ሰው ከሰፋ፣ ሠሪዋ መላው ይጠፋታል።

በዚህ ላይ የተነሣችው ኤልሳቤጥ ዚመርማን ነች። በ1910 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች፤ ሥነ ጥበብ ተማረች፤ ኋላም ከጀርመናዊ ባሏ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። በ1950ዎቹ ዙሪያውን ያለ ስፌት የሚሠራ ሹራብ ነድፋ ለአንድ መጽሔት ሰጠች። አዘጋጆቹ ግን የተለመደው ይሻላል ብለው መመሪያዋን ለውጠው፣ ሹራቡ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሠርቶ እንዲሰፋ አድርገው አወጡት። እርሷም ዝም አላለችም። በ1958 የራሷን ትንሽ የዜና ወረቀት አውጥታ፣ አሠራሩን እንዳሰበችው በገዛ አነጋገሯ ጻፈችው። እኛ በስቴንስል የምናባዛ ሰዎች ይህን ስንሰማ ልባችን ሞቅ ቢለው ይገርማል እንዴ?

ዘዴዋ እንዲህ ነው። አስቀድሞ በመረጡት ክር ትንሽ ቁራጭ ይሠራና በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ይቆጠራሉ። 20 ቢሆኑ፣ ዙሪያው 100 ሳንቲሜትር ለሚሆን ሹራብ 200 ቀለበት ያስፈልጋል። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣል፤ የእጅጌው ጫፍ 20 በመቶ፣ ማለት 40፤ የላይኛው ክንድ 33 በመቶ፣ ማለት 66፤ አንገቱ 40 በመቶ፣ ማለት 80 ይሆናል። ክሩ ወፍሮ በ10 ሳንቲሜትር 15 ብቻ ቢገባስ? ገላው 150፣ የእጅጌው ጫፍ 30 ይሆናል። አለቀ! ቁጥሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱ አይለወጥም። ምክንያቱን የያዘች ሴት ለልጇም ለጎረቤቷም የራሷን ንድፍ ትጽፋለች።

ከሁሉ የሚደንቀን ደግሞ «ፈለሰፍሁ» ማለትን መጥላቷ ነው። መርፌና ክር ከያዙት ከእነዚያ ሁሉ ሺህ እጆች አንዱ ይህንኑ አስቀድሞ ሳያገኘው አይቀርም ትል ነበር። በ1971 ያሳተመችው መጽሐፍም አንባቢዋን እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ያናግራል። በ1999 ስታርፍ ከንድፎቿ ይበልጥ ያተረፈችው ይህን ድፍረት ነበር።

እኛስ? ለፈተና የምንሸመድደው ኖት «ይህን ያህል ቀለበት ጀምሪ» ከሚለው ወረቀት በምን ይለያል? መልሱን እናውቃለን፤ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ሲል ግን እጃችን ይታሰራል። የሰው ንድፍ መከተል ነውር አይደለም፤ ሁላችንም የጀመርነው በዚያ ነው። ነውሩ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እዚያው መቅረት ነው። ስሕተትን ፈርተን ከሆነም፣ ሹራብ ሠሪዎች አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ የተበላሸ ሹራብ ይተረተራል እንጂ ክሩ አይጣልም።