የአየር ሰስፔንሽን ለፒካፕ ተሽከርካሪ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ሰስፔንሽን የተሽከርካሪውን ክብደት ተሸክሞ የመንገዱን ንዝረት የሚያበርድ ክፍል ነው። ቶዮታ ሃይሉክስን በመሳሰሉ ፒካፖች የኋላውን ክብደት የሚሸከመው የብረት ባሌስትራ ነው። በአየር ሰስፔንሽን ግን የብረቱን ቦታ በኮምፕሬሰር የሚሞሉ የጎማ ከረጢቶች ይይዛሉ። ራም 1500 የተሰኘው የአሜሪካ ፒካፕ ይህን ሥርዓት ለአራቱም እግሮች በአማራጭነት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዴሉ ነው።

ዋነኛው ጥቅሙ ጭነት ሲለዋወጥ የተሽከርካሪውን ከፍታ መጠበቁ ነው። የኋላው ክፍል ስለማይሰምጥ የፊት ጎማዎች መንገዱን በሚገባ ይይዛሉ፤ የፊት መብራቱም ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን አይወጋም።

በአንጻሩ ከረጢቱ፣ የአየር ቱቦውና ሴንሰሩ የቅርብ ክትትልን ይሻሉ። አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ ኮምፕሬሰሩ ያለ እረፍት እየሠራ ሊቃጠል ይችላል። የተሰበረ ባሌስትራን ግን በአነስተኛ ጋራዥም መለወጥ ይቻላል።

ስለሆነም በአስፋልት ላይ ከባድ ተሳቢ አዘውትሮ ለሚጎትት ተሽከርካሪ ተጨማሪው ወጪ ተገቢ ነው። ከጋራዥ ርቆ በፒስታ መንገድ ለሚሠራ የመስክ ተሽከርካሪ ባሌስትራ ይመረጣል። አልፎ አልፎ ብቻ ከባድ ጭነት ለሚይዝ ደግሞ ከባሌስትራው ጋር የሚገጠም ረዳት የአየር ከረጢት በቂ ነው።

ከግዥው በፊት ሊሰመርበት የሚገባው፣ ከረጢት መግጠም አምራቹ የወሰነውን የጭነት ልክ የማይጨምር መሆኑ ነው። አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው እንደነበሩ ስለሆኑ፣ ከልክ በላይ የጫነ ፒካፕ ሳያዘነብል በመቆሙ ብቻ ከአደጋ አይድንም።