የአሶሳ እንደራሴ በምን ቋንቋ ይናገር?

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለምክር ቤት ወንበር ለመወዳደር ከተነሡት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ድምፅ ሰጪው ሳይፈርድባቸው ከዕጩነት ተሰረዙ። የተሰረዙትም ወንጀል ተገኝቶባቸው ወይም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም፤ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ይኸውም በርትኛን፣ አያውቁም ተብለው ነው እንጂ። ሰዎቹ በክልሉ የሚኖሩና አማርኛ የሚናገሩ፣ ነገር ግን ነባር ከሚባሉት ብሔረሰቦች ያልተወለዱ ነበሩ። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ የሰጠን መብት ተነካብን ብለው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት አሉ።

ነገሩ በአንድ የምርጫ ዘመን የተነሣ ጠብ ይምሰል እንጂ ሥሩ ጥልቅ ነው። ለአሶሳ ምድር የሚናገረው ሰው ማን ይሁን፣ ለማንስ ይናገር፣ በምን አንደበትስ ይናገር የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው። አንባቢ ጥቂት ቢታገሠን፣ ከምክር ቤቱ ፍርድ ከመድረሳችን በፊት ወደ ኋላ መለስ ብለን ጥያቄው የመጣበትን መንገድ እንመለከታለን።

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ የሚገኘው የአሶሳ አገር የበርታ ሕዝብ አገር ነው። ቤላ ሻንጉል የሚለው ስም ራሱ በበርታ ዘንድ ከተከበረ አንድ ድንጋይ እንደ መጣ ይነገራል። አገሩን ለውጭ ሰው ያስታወቀው ግን ድንጋዩ ሳይሆን ወርቁ ነው። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1813 ዓ.ም. ገደማ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲልክ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ መሆኑን አልሸሸገም፤ ልጁ እስማዒልም እስከ ፋዙግሊ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ አስቀድሞም ከዚያ ወዲህም ከሱዳን የመጡ ዓረብ ነጋዴዎች የበርታን ሴቶች እያገቡ በአገሩ ተቀመጡ። ወታዊት የተባለው የገዥ ወገን የተወለደው ከእነዚህ ነው። ሕዝቡ የሚናገረው በርትኛ፣ ሼኮቹ ደብዳቤ የሚጻጻፉት በዓረብኛ ሆነ። ስለዚህ የሚገዛው አንደበትና የሚገዛው ሕዝብ አንደበት መለያየት በአሶሳ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም።

በ1890 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት ወደዚያ አገር ሲዘምት ሦስት ሼኮች ነበሩበት፤ የቤላ ሻንጉሉ ዐብዱረሕማን ሆጀሌ፣ የኮሞሻው መሐመድ ወድ ማሕሙድና የአቆልዲው፣ ማለት የአሶሳው፣ ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን። ሦስቱም በየጊዜው ከመሐዲስቶች ጋርም፣ እርስ በርሳቸውም፣ ከምሥራቅ ከመጣው ኃይል ጋርም ሲታረቁና ሲጣሉ የኖሩ ነበሩ። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ሲፈረምም አገሩ በኢትዮጵያ በኩል መሆኑ ጸና።

ከእስራቱ ወጥተው የበላይነቱን የያዙት ሼክ ሆጀሌ ናቸው። እርሳቸውን የምናነሣው የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ማንም አልመረጣቸውምና። ነገር ግን ለአርባ ዓመት ያህል አሶሳ በማዕከላዊው መንግሥት ፊት ስትናገር የተናገረችው በእርሳቸው አፍ ነው። ብልሃታቸውም ግልጽ ነበር። ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ይገብራሉ፤ ቤተ መንግሥቱም በምላሹ አገሩን ለእርሳቸው ይተዋል። ሌላው የደቡብና የምዕራብ አገር መልከኛና ነፍጠኛ ሲተከልበት፣ የአሶሳው ሼክ ግብራቸውን እስካገቡ ድረስ በውስጥ አስተዳደራቸው ብዙ የሚገባባቸው ሰው አልነበረም። በጅማ አባ ጅፋር፣ በነቀምት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ያገኙትን ዓይነት ዕድል እርሳቸውም በወርቅ ገዙት።

ወርቁን የሚያጥበው ግን ሼኩ አልነበሩም። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ የሚያጣራው በርታ ነው፤ ከዚያም የከፋው ለባሪያ ንግድ የሚነዳው የበርታ፣ የጉሙዝና የማኦ ልጅ ነው። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን ግዛት ተቀምጠው ባሪያ በማሻገር ሥራ በ1920 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዞች ተይዘው መታሰራቸው በጊዜው ብዙ ያነጋገረ ነበር። በአዲስ አበባ ለአሶሳ ይናገሩ የነበሩት ሰው እነዚህን ሰዎች ስለ ሸክማቸው አንድ ጊዜ ጠይቀዋቸው ይሆን? የፖለቲካ ብልሃታቸውን ማድነቅ ይቻላል፤ እኛም እናደንቃለን። ይሁን እንጂ አንደበታቸው ወደ ላይ ብቻ የሚናገር አንደበት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ በኩል ሸጎሌ የሚባለውን ሠፈር በየቀኑ የሚጠራው የታክሲ ረዳት፣ የሚጠራው የሼክ ሆጀሌን ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? በመዲናይቱ የነበራቸው መኖሪያ ነው ስሙን ለአካባቢው ያወረሰው።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምክር ቤት ብዙ ማለት አያሻም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመምሪያ ምክር ቤት አባሎች፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንትና በአገር ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ምርጫን አመጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ያው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ፤ እንደራሴ የሚሆነውም በምርጫ አውራጃው ሀብት ያለው ሰው እንዲሆን ፈቀደ። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር፣ መተከል በጎጃም ሥር ነበሩ። ሀብት የሌለውና አማርኛ የማያውቀው በርታ በሁለቱም በር በኩል ውጭ ነበረ፤ ሆኖም ስለዚህ ነገር የተከራከረ የለም፤ ክርክሩ እንዲነሣ ቢያንስ የሚከራከርበት ሸንጎ መኖር ነበረበትና።

በደርግ ዘመን ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው ሕዝቡ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ በተለይም በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከወሎና ከሌሎችም የተራቡ አውራጃዎች ብዙ ሺህ ገበሬዎች በአሶሳና በፓዌ እንዲሠፍሩ ተደረገ። ብዙዎቹ ፈቅደው ሳይሆን ታዝዘው መጡ፤ በወባና በናፍቆት ተቀጡ፤ ግን ቆዩ፤ ልጆችም ወለዱ። ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል አሶሳና መተከል ለየራሳቸው የአስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ አሶሳና መተከል ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ተጣምረው ክልል 6 ተባሉ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የፌዴሬሽኑ አባል ክልል አደረገ። ክልሉ በኋላ ባሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ መሆናቸውን ጻፈ፤ ሌሎችም ሕዝቦች በክልሉ እንደሚኖሩ ዕውቅና ሰጠ። የቁጥሩ ነገር ግን ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ በርታ 26 በመቶ ያህል፣ ጉሙዝና አማራ እያንዳንዳቸው 21 በመቶ ያህል፣ ኦሮሞ 13 በመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ ባለቤት የተባሉት ትልቁ ብሔረሰብ እንኳ ከአራት እጅ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። እነዚህ ሁሉ የሚገናኙበት አንድ የራሳቸው ቋንቋ ስላልነበረ ክልሉ የሥራ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን በራሱ ሕገ መንግሥት ወሰነ። ይህ ውሳኔ በኋላ የክርክሩ ቁልፍ ሆኗልና አንባቢ ልብ ይበለው።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ዕጩዎቹ የተሰረዙት በ1987 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 111 አንቀጽ 38 ነው። ይህ አንቀጽ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ የሚያውቅ እንዲሆን ያዝዛል። የሚደንቀው አጋጣሚ፣ ከሳሾቹ መብታችን ነው ብለው የጠቀሱት የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 38 መሆኑ ነው፤ እርሱም ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በዘር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት አንቀጾች እርስ በርሳቸው ቆመው ተፋጠጡ። የበርታ ወገን አቤቱታ አቅራቢዎች የመጀመሪያውን ያዙ፤ የተሰረዙት ሁለተኛውን። የምርጫ ቦርድ ለመጀመሪያው ፈረደ።

ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣን በአገራችን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የተሰጠ መሆኑን ተማሪዎች ሁሉ ይማሩታል። አስቀድሞ ጉዳዩን የሚያጣራው አሥራ አንድ አባሎች ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። የጉባዔው አብዛኛው አባል የአዋጁን የቋንቋ ግዴታ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አገኘው። ምክር ቤቱ ግን በመጋቢት ወር 1995 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ያዘ። ተመራጭ ቋንቋ ይወቅ ማለት በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፤ እንደራሴ በምክር ቤት ተቀምጦ ካልሰማና ካልተናገረ ለመራጩ ምን ይጠቅማል? ነገር ግን ማወቅ የሚገባው ቋንቋ ምክር ቤቱ የሚሠራበት ቋንቋ ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። እንግዲህ አማርኛ የሚያውቀውን ሰው በርትኛ አያውቅም ብሎ መሰረዝ ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው። ፍርዱ ይህ ነበር።

ብያኔው በዕጩዎቹ ላይ የተፈጸመውን በደል አስታወቀ፤ ግን ዘገየ። ምርጫው ካለፈ፣ ምክር ቤቱም ተሰብስቦ ሕግ ማውጣት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። በአምስት ዓመት የሥራ ዘመን ውስጥ ይህ ጊዜ ትንሽ አይደለም፤ ከዕጩነት የተሰረዘ ሰው ጊዜውን የሚመልስለት የለምና።

ስለ ሐሳቡ ግን የምንለው አለን። ፍርዱ አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን በር ሳያይ አልፏል። የመጣው ገበሬ ልጅ በርትኛ ባያውቅም አሁን መወዳደር ይችላል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በዚያ ምድር ተወልዶ ያደገ ሰው በአገሩ ጉዳይ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ይሁን እንጂ በዚያው ምክንያት፣ ከመንጌ ወይም ከኩርሙክ የተነሣ፣ በርትኛውን የሚያሳምረው፣ አማርኛውን ግን ያልተማረው የበርታ ሽማግሌ እንደራሴ መሆን አይችልም ማለት ነው። ለሴቶች ይህ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ወደ ትምህርት ቤት የመሄድ ዕድል ያላገኘች እናት አማርኛን ከማን ትማረው? ሸንጎው የሚሠራበትን ቋንቋ መስፈርት ማድረግ ለሸንጎው ሥራ ይመቻል፤ የመራጩን ቋንቋ መስፈርት ማድረግ ደግሞ ለመራጩ ይመቻል። የ1987ቱ ሕግ አውጪ የመራጩን ለመጠበቅ አስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንድ ክልል ውስጥ አምስት ነባር ቋንቋዎች ከነሌሎቹ ባሉበት አገር የትኛውን መራጭ እንደሚል አልለየም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመረጠ ሕግ ምንጊዜም አንድ ወገን በውጭ ያስቀራል። ተርጓሚ በሸንጎው ውስጥ ማስቀመጥ ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ ቤልጅግንና ስዊስን የመሰሉ ትንንሽ አገሮች እንኳ ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ በምክር ቤታቸው ይከራከራሉ። በክርክሩ ውስጥ ይህ መንገድ የሚገባውን ያህል ሳይታይ ቀረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

በቅርብ ዓመታት በርትኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በክልሉ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ማስተማሪያ መሆን ጀምረዋል። መምህራን ይህ ሥራ ምን ያህል ድካም እንዳለው ያውቁታል፤ ፊደል መምረጥ፣ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ ከሁሉም በላይ አስተማሪ ማግኘት አለ። ሼክ ሆጀሌ በዓረብኛ ይጽፉ በነበረበት አገር በርትኛ በልጅ እጅ መጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 532 የቀደመውን ሕግ ተካው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ትርጓሜ ተከትሎም በዕጩው መመዘኛ ውስጥ የአካባቢ ቋንቋ የሚለው ቀርቶ የሥራ ቋንቋ የሚለው ገባ። ከዚያ ወዲህ በአሶሳ ለምክር ቤት የሚቀርብ ሰው በርትኛ ታውቃለህ ተብሎ አይጠየቅም። አማርኛ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ግን ይጠየቃል።