ኩዋሮና አጌም፦ በባሮና በጊሎ ወንዞች ዳር የሥልጣን ትግል

በጋምቤላ አኝዋኮች ዘንድ አንድ መንደር በገዛ አለቃው ላይ ተነሥቶ ከሹመቱ የሚያወርድበት ሥርዓት አጌም ይባላል፤ የሚወርደው አለቃ ደግሞ ኩዋሮ ነው። ይህን ሥርዓት ከእንግሊዝ ዙፋንና ፓርላማ የረጅም ዘመን ትግል አጠገብ አኑረን ልንመረምረው የፈለግንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥያቄው አንድ መሆኑ ነው፦ ገዥው ገዥ ከሆነበት ምክንያት ሲርቅ ተገዥው ምን ያደርጋል? ሁለተኛው፣ ስለ አጌም በጽሑፍ ያቆዩልን ቀዳሚ ምስክሮች በአብዛኛው እንግሊዛውያን ምሁራንና ሹማምንት መሆናቸው ነው፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1649 በፓርላማው ወገን ተፈርዶበት አንገቱ የተቀላበትን፣ በ1689 ደግሞ የመብቶች ሕግ ዙፋኑን በሕግ ያሰረበትን ታሪክ በልጅነታቸው የተማሩ ሰዎች የአኝዋክን መንደር ሲያዩ ያንን ሚዛን ከእጃቸው ፈጽሞ አልጣሉትም ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ምስክሮቹን እንመዝን። ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1927 በአኝዋክ አገር ለጥቂት ወራት ተቀምጦ ያጠናውን በ1932 በመጽሐፍ አሳተመ። ጎድፍሬይ ሊንሃርት በ1940ዎቹ አጋማሽ ረዘም ላለ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ስለ መንደር አለቆች በ1949ና በ1950 ጽፏል። ሁለቱም የሠሩት በወቅቱ በእንግሊዝና በግብፅ ስም ትተዳደር በነበረችው ሱዳን በኩል ነው፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንዲያውም በ1933 የአኝዋክ ተዋጊዎችን አስከትሎ በአኮቦና በጊሎ አካባቢ ጣልያንን የወጋ መኮንን ስለነበር፣ የውጭ ታዛቢ ብቻ ነው ልንለው አንችልም። ከኢትዮጵያ በኩል ያለውን ሥዕል በይበልጥ ያጠራልን የባሕሩ ዘውዴ ጥናት ሲሆን፣ የእሱም ዋና ጉዳይ ድንበሩና የጋምቤላ ንግድ እንጂ የመንደሩ ውስጣዊ ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ ስለ አጌም የምናውቀውን ከአንድ አቅጣጫ፣ ስለ ጠመንጃውና ስለ ወደቡ የምናውቀውን ከሌላ አቅጣጫ አምጥተን ማገጣጠም ግድ ይለናል።

የአኝዋክ አፈ ታሪክ የንግሥናን መነሻ በጦርነት ሳይሆን በዳኝነት ይጀምራል። ቹዋይ የተባለ አለቃ በነበረበት ዘመን ሁለት ልጆች ባጠመዱት ዓሣ ተጣሉ፤ ከወንዝ የወጣ ኡኪሮ የተባለ እንግዳ ሰው ፈረደላቸው። ሰዎቹ ይህን ዳኛ ይዘው ወደ መንደር አመጡት፤ ከቹዋይ ልጅ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ከዚያም ለልጁ የዶቃ አንገት ጌጥ ትቶለት ወደ ወንዙ ተመለሰ። ልጁ ጊሎ የመሳፍንቱ ዘር አባት ሆነ። ይህን ትውፊት እንደ ታሪክ ማስረጃ አንቆጥረውም፤ ነገር ግን ትውፊት ሕዝብ ስለ ሥልጣን ያለውን እምነት ይመሰክራልና፣ ሥልጣን ከውጭ መጥቶ በፍርድ እንደጸናና ምልክቱ ከሰውየው ተለይቶ በእጅ እንደሚተላለፍ መናገሩን ልብ ማለት ይገባል። ኋላ እንደምናየው የአኝዋክ የፖለቲካ ክርክር በአብዛኛው የሚሽከረከረው በዚህ በሚተላለፈው ምልክት ዙሪያ ነው።

በተግባር የአኝዋክ አገር ሁለት ዓይነት አገዛዝ ነበረው። በደቡብ ምሥራቁ በአዶንጋ አካባቢ ከኡኪሮ ተወለድን የሚሉ መሳፍንት ገዥዎች ሲሆኑ፣ በባሮ ዳርና በምዕራቡ ባሉ አብዛኞቹ መንደሮች ግን እያንዳንዱ መንደር የራሱ ኩዋሮ ነበረው። አጌም ዋና መድረኩ የኋለኛው ነው።

የኩዋሮ ክብር ለሚያየው እንግዳ የሚያስደንቅ ነበር። ወደ ቅጥሩ የሚገባ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ በፊቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ስለ እርሱም ሲወራ ለተራ ሰው የማይነገር አነጋገር አለ። ግቢው ከሌላው በአደን ቀንዶችና በተለየ አሠራሩ ይታወቃል፤ እርሻውን ወጣቶቹ ያርሱለታል። ሆኖም በዚህ ክብር ፊት ለፊት ከባድ ግዴታ ቆሟል፤ ኩዋሮ ለመንደሩ የሚያበላ፣ ያለውን የማይሰስት፣ ለጋብቻ ዶቃ ያጣውን ወጣት የሚረዳ፣ ድግሱ የማይጓደል መሆን አለበት። ሊንሃርት በግልጽ እንደሚያሳየን ይህ ልግስና የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥልጣኑ መሠረት ነበር፤ ኩዋሮው ያለው ሲያልቅ፣ ወይም ያለውን ሲደብቅ፣ መንደሩ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

ዓይኑን የሚያዞረውም ወደ ማንም ሰው አይደለም፤ አዲሱ ኩዋሮ ከቀድሞ ኩዋሮ የተወለደ መሆን አለበት። አንድ ኩዋሮ ከልዩ ልዩ ሚስቶች ልጆች ስለሚወልድ፣ የእያንዳንዱ ልጅ እናት ወገን በዚያው መንደር ውስጥ የራሱን ዕጩ ይይዛል። ጉርምርምታው በሹክሹክታ ይጀምራል፤ ወጣቶቹ ወደ አንዱ ልጅ ያደላሉ፤ ከዚያም አንድ ቀን ይወጣሉ። ሥልጣኑ የሚታወቀው በከበሮው ነውና፣ ከበሮውን የያዘ መንደሩን ያዘ ማለት ነው። የተሸነፈው ኩዋሮ ካልገጠመ በቀር ብዙ ጊዜ አይገደልም፤ ወደ እናቱ ወንድሞች መንደር ይሄዳል፤ እዚያም ተቀምጦ የተተኪውን ስስት ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲደርስ ወገኑ መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

እዚህ ላይ የምስክሮቹ ትርጓሜ ይለያያል፤ ልዩነቱንም አቅልለን ማለፍ አይገባንም። በኢቫንስ ፕሪቻርድ አጻጻፍ አጌም በዋናነት በአንድ ገዥ ዘር ውስጥ ያሉ ክፍሎች መወዳደሪያ ነው፤ ሹመቱ ይቀመጣል፣ ሰዎቹ ይፈራረቃሉ። በሊንሃርት አጻጻፍ ግን መንደርተኛው ራሱ ጎልቶ ይታያል፤ ፍቅሩና ቅሬታው፣ የኩዋሮው መልካም ስም መውጣትና መውረድ፣ ክብር የሚሰጠው ሕዝብ ክብሩን የመንሣት ኃይል እንዳለው ማወቁ። ከሁለቱ አንዱን መርጠን ሌላውን ልንጥል አንወድም። ዕጩው ከገዥ ዘር ብቻ መሆኑ የመጀመሪያውን ያጸናል፤ ዕጩው ያለ መንደሩ ድጋፍ አንድ ሌሊት የማያድር መሆኑ ሁለተኛውን ያጸናል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ያየው ወራቱ አጭር ስለነበሩ የሥርዓቱን አጥንት ነው፤ ሊንሃርት ረዥም ስለቆየ ሥጋውን አየ ብለን እንገምታለን።

ከእንግሊዝ ጋር ያለው ልዩነት የሚፈካው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ንጉሡን የያዘው በገንዘብ ነበር፤ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣል የቻርልስና የተቃዋሚዎቹ ጠብ እምብርት ሲሆን፣ ሰባ ዓመት ያልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ንጉሥ አንገቱን ካጣና ሌላው ከሸሸ በኋላ ጉዳዩ በጽሑፍ ሕግ ተቋጨ። በአኝዋክ መንደር ግን የሀብቱ ጉዞ ተገልብጦ ይታያል፤ ሕዝቡ ለኩዋሮው ጉልበትና አክብሮት ሲሰጥ ኩዋሮው መልሶ ምግብና ዶቃ ይሰጣል፤ ስለዚህ መንደሩ የሚከለክለው ግብር ሳይሆን ጎንበስ ማለቱን ነው። የተጻፈ ሕግ አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም የሥልጣኑ ወሰን በየዓመቱ በድግሱ ይለካ ነበር። የጎደለውም ነገር አለ፤ ዘላቂ ጉባኤ የለውምና ኩዋሮን ማውረድ እንጂ ኩዋሮን በሥራ ላይ እያለ መምከርና መግታት የሚቻልበት ተቋም አልተፈጠረም።

በመሳፍንቱ አገር ትግሉ ሌላ መልክ ነበረው። ከኡኪሮ ወረደ የተባለው የዶቃ አንገት ጌጥና ከእርሱ ጋር ያሉት በርጩማና ጦር በአንድ መስፍን እጅ ይቆያሉ፤ ሌላው መስፍን ለመንጠቅ ይዘምታል፤ ሲያገኝም እሱ ይነግሣል። ይህ ውድድር ከክብር ጥማት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ አባቱ ምልክቶቹን ያልለበሰ ልጅ ለራሱም ለዘሩም የመስፍንነት መብቱን ያጣልና። ምልክቶቹን የያዘው ሰው ክብሩ ሰፊ ቢሆንም በሌሎች መንደሮች ላይ የሚያዝዘው ነገር ጥቂት ነበር፤ በዚህም ረገድ ንጉሥ የሚለው መጠሪያ ከአቅሙ በላይ ይሰፋል።

ሚዛኑን ያዛባው ጠመንጃ ነው። የዝሆን ጥርስ ንግድ ከደጋው ጋር ሲጠናከር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃ በብዛት ወደ አኝዋክ አገር ገባ፤ ቀድሞ ያከማቸው ኡድዬል የተባለ መስፍን ምልክቶቹን አጥብቆ ያዘ፤ ከእሱ በኋላም አክዌይ ዋ ቻም ይበልጥ ኃያል ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1894 አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራየ፤ ውሉ ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በግልጽ ይከለክላል። ጣቢያው በ1896 በጋምቤላ ተከፈተ፤ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም እየመጣ የደጋውን ቡና ይጭን ጀመር። እንግሊዝ ግን ንግዱን ለመጠበቅ ፖለቲካውን መንካቷ አልቀረም። መጋቢት 6 ቀን 1904 በሜጀር ሌቨሰን የሚመራ የሱዳን ጦር በአዶንጋ አክዌይን ሊቀጣ ሄዶ 5 መኮንኖችና 42 ወታደሮች አጣ። የእንግሊዝ መዝገብ አክዌይን የኑዌርን ከብት የሚዘርፍ ሽፍታ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ከአኝዋክ ወገን ካየነው ግን በደጁ የመጣበትን ጦር የመለሰ ገዥ ነው። ሁለቱም ምስክርነቶች የተያያዙት ከአንድ ቀን ጦርነት ጋር ነው፤ ዘረፋው መኖሩ መከላከሉን አያስቀርም፤ መከላከሉም ዘረፋውን አያጠፋም።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ከዚያ የተከተለው ነው። ጠመንጃ የያዘ ገዥ ምልክቶቹን ለመልቀቅ አይገደድም፤ መንደሩም በከበሮና በጦር የማይደፍረው ሰው ተፈጠረ። አክዌይ በ1912 ገደማ ከሞተ በኋላ የሱዳን አስተዳደር በምልክቶቹ ይዞታ ጣልቃ እየገባ፣ መንጠቁን አስቀርቶ ማን እንደሚይዛቸው መወሰን ጀመረ። አስተዳደሩ ይህን ያደረገው ለሰላም ነው ብሎ ያስረዳል፤ እኛ ደግሞ ሰላሙን ሳንክድ፣ ዋጋው የኩዋሮና የመስፍኑ ዋስትና ከመንደሩ ወደ መንግሥት መዛወሩ እንደነበር እንጨምራለን።

በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ ዙፋንና ሌላ ምክር ቤት ይታያሉ። በሐምሌ 1923 የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፣ በ1948 የተሻሻለው ደግሞ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቅዷል፤ በሁለቱም ግን የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በዚያው በ1948 ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ የኪራይ ዘመንም አበቃ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም በዚያው አዋጅ በተነ፤ ከእንግሊዙ በተቃራኒ ዙፋኑን ያወረደው ኃይል ፓርላማውንም አብሮ ዘጋ ማለት ነው።

ለአኝዋክ መንደር የኩዋሮው መጨረሻ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ የመሳፍንቱና የኩዋሮዎቹ ሥልጣን በአዋጅ ተሻረ፤ በቦታቸው ሊቀ መንበር ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩን የሚሾመውና የሚሽረው ከመንደሩ ውጭ ያለ ኃይል ስለነበረ፣ ለጋስ ባይሆን እንኳ አጌም አይደርስበትም፤ ወደ እናቱ ወንድሞችም የሚሸሽበት ምክንያት አይኖረውም። በሱዳን በኩል ግን የመሳፍንቱ ዘር አልተቋረጠም፤ የአክዌይ የልጅ ልጅ አዶንጎ አጋዳ ከካናዳ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2001 ምልክቶቹን ለበሰ፤ ያ ሥርዓተ ንግሥ ሲፈጸም ሊነጥቀው በጦር የመጣ መስፍን አልነበረም።